ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ቁልፉን አትፈልግ፣ እኔ ጋ ነው። የጭነት መኪናዋንም ይዣት ወጥቻለሁ።

ትናንት ተኝተህ ሳለ የተገዛችበት ድርጅት ጋራዥ ወሰድኳት። የዋስትና ጊዜዋ ስላላለቀ፣ ከፋብሪካ ይዛቸው የመጣችውን የኋላ ሾክ አብዞርበሮች አውጥተው በነፃ አዲስ ገጠሙላት። አሁን ጉድጓድ ስትገባ እንደ ፍየል አትዘልም።

መካኒኩ አሮጌዎቹን ሲፈታ ያለኝን ልንገርህ። «ዘይት የሚያፈሱት ማሸጊያ ጎማቸው ከፋብሪካ ሲመጣ ችግር ስላለበት ነው፤ የሹፌር ጥፋት የለበትም። ለወንድምህ መጀመሪያ ሲያሳየኝ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ፣ አምጣትና እንቀይርልህ ብዬው ነበር። አልነገረህም እንዴ?»

አልነገርከኝማ! «ጋሼ፣ እጅህ ከብዷል፣ መኪናዋን ጨረስካት» ብለህ እማዬ ፊት ቁልፉን ተቀበልከኝ እንጂ። እኔ ሞኙ አመንኩህ፤ ጭራሽ ይቅርታ ጠየቅኩህ። መንዳት ያስተማርኩህ ሰው፣ አንተ ክንድህን መስኮት ላይ ዘርግተህ ስትነዳ፣ ከኋላ ጆንያ ስሸከም ከረምኩ።

ሌላም የምለው ነበረኝ።
ይቅር።

የእማዬ መድኃኒት ከቁርስ በኋላ ነው፣ እንዳትረሳ። ዳቦውን ጨርሼዋለሁ። ይቅርታ የምልህ ለዳቦው ብቻ ነው።

ለእሷ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። ስመለስ እኔው ፊት አንተው ትነግራታለህ።

መጋዘኑ በእግር ሩቅ አይደለም። ዛሬ ብዙ ጭነት አለ፣ ጫኝ ግን የለኝም። ከመጣህ፣ ጓንቴን በሩ ጀርባ ሰቅዬልሃለሁ።