የባለቤቴን የግራ እጅ ፊርማ ላልወደዱት ሹም

ለክቡር አቶ ሮስኮ ፔንሂል፣
የብራኬት ፎርክ ወረዳ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በፍጹም ጤንነት፣ በተለይም በሁለቱም እጆችዎ ፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ባለፈው ጠቅላላ ምርጫ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት እንደተማርኩት ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ስሙንም አብሮ ያጣልና፣ ጌታ ይጠብቅዎት። በቀጥታ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች በሥራ ብዛትዎ የተነሳ መልስ ስላላገኙ፣ ሦስተኛው በዚህ በሳምንታዊው ጋዜጣችን በኩል ቢደርስዎት ሳያነቡት አይቀሩም ብዬ ነው። ጋዜጣው ላይ የእርስዎ ፎቶግራፍ ሲወጣ እንደሚያነቡት አውቃለሁ።

እኔ ኦፓል ሊንድክዊስት እባላለሁ። በሎወር ፓይን ሸለቆ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ኤይናር ዕድሜውን ሙሉ በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ መጋዝ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ባለፈው መጋቢት፣ ቁርስ ላይ፣ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ከትከሻው እስከ እግሩ ከዳው። በሕይወት የተረፈው የአምቡላንስ ጣቢያው እዚሁ ሸለቋችን ውስጥ ስለነበረና በአሥራ አንድ ደቂቃ ስለደረሱለት ነው። በኅዳሩ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ፣ ከፕሬዚዳንቱ፣ ከሴናተሩና ከአገረ ገዢው ቀጥሎ፣ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ፣ ይህ ጣቢያ ክፍት ሆኖ ይቆይ ወይስ ይዘጋ የሚል ጥያቄ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ወረቀቱን ያሳተሙት እርስዎ ነዎትና።

ወረቀቱ በፖስታ በደረሰን ዕለት ኤይናር ከሁሉ አስቀድሞ የፈለገው ያንን ጥያቄ ነበር። ክቦቹን በግራ እጁ አንድ በአንድ ለማጥቆር ሁለት ቀን ፈጀበት። ከዚያ በፖስታው ጀርባ ላይ መፈረም መጣ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተትበት ልይዝለት ብዬ እጄን ስሰድ፣ ከሕመሙ ወዲህ በሚጎትተው አነጋገሩ፣ «ተይ ኦፓል፣ አትንኪብኝ። ስሜ ነው፣ እኔው እጽፈዋለሁ» አለኝ። የሬዲዮው ዜና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦ ሲያልቅ እሱም ጨረሰ። ከመጋቢት ወዲህ ስሙን ሳያቋርጥ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነበር። «እስቲ እዪው፣ አንድም ፊደል አልጎደለም!» አለ። ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ፤ ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልሻገር።

አንደኛ፣ የኤይናር ፊርማ «በመዝገብ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል ድምፁ አይቆጠርም» የሚለውን ደብዳቤ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ጥቅምት ሃያ ስምንት ሲሆን፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግን ኅዳር አሥራ አራት ይላል። በመካከሉ ያሉትን ሁለት ሳምንታትና ትርፍ ቀናት ደብዳቤው ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ሲወስድ እንደቆየ እገምታለሁ። ፊርማውን ለማስተካከል የተሰጠን ጊዜ የሚያበቃው ኅዳር ሃያ አምስት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን በታችኛው ጥግ፣ ጉንዳን በሚያነበው ፊደል ስለጻፉልንም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። ሐሙስ ዕለት ኤይናርን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ መኪና ላይ አውጥቼ፣ ተራራውን ተሻግሬ፣ ሁለት ሰዓት ነድቼ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያገኘናት ወይዘሪት ኪምበር ከመዝገቡ የኤይናርን የድሮ ፊርማ አወጣች፤ ቀኝ እጁ ጥርስ ያለው ብረት ሲገራ በነበረበት ዘመን የተፈረመ፣ ጅራቱ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ፊርማ። «አቶ ሊንድክዊስት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደዚህኛው አድርገው መፈረም ይችላሉ?» ስትል ፊቷ ቀላ። ኤይናር ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሁለት እጅ ነበረው» አላት።

በዚህ ጊዜ ነው እርስዎ ከውስጠኛው ክፍል የወጡት። ባለቤቴ እንደታመመ፣ መታወቂያውም በእጄ እንዳለ፣ ሰውየውም ራሱ ፊትዎ እንደተቀመጠ ነገርኩዎት። እርስዎም ወደ ኤይናር ሳይመለከቱ፣ «እመቤቴ፣ እኛ ሰው አናመሳክርም፤ ፊርማ ነው የምናመሳክረው» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ በዕድሜዬ ብዙ ሹማምንት አይቻለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን ዓላማ በአንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲህ አጥርቶ የገለጸልኝ ግን አላጋጠመኝም። ከዚያም «ለምሳ እንዘጋለን» ብለው መስኮቱን አወረዱት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ስምንት ጉዳይ ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ሕንፃው መጸዳጃ ቤት ነው፤ ባልጽፈው በወደድሁ ነበር። የበሩ ስፋት ከባለቤቴ ወንበር በአራት ጣት ይጠባል። ምሳዎን እስኪጨርሱ ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ኤይናር እጄን ያዘና፣ «ኦፓል፣ ቤት እንሂድ» አለኝ። «ትንሽ ብቻ ታገሥ፣ አሁን ይከፍታሉ» አልኩት። «አልችልም። ድምፁ ይቅርብኝ» አለ። ሰባ አራት ዓመት የሆነው፣ በሰው ፊት የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቆልፍ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ካፖርቴን አውልቄ ጭኑ ላይ አለበስኩትና እየገፋሁት ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ስለ እርስዎ ያሰብኩትን ጋዜጣው አያትምልኝም።

ከዚህ በኋላ ምስጋናዬ ለእርስዎ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም።

ወይዘሪት ኪምበር በጓሮው በር ዞራ መኪናችን ድረስ ሮጠች። አንድ ቅጽ በመስኮቱ ሰጠችኝና፣ «መመሪያው ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ መፈረም የማይችል ሰው ሁለት ምስክር ካለው ምልክት ቢያደርግ ይበቃል ይላል። ምስክሮቹ የወረዳው መራጮች ይሁኑ እንጂ ሌላ ምንም አያስፈልግም። እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉ» አለችኝ። አሁን ሌላ ሥራ ይዛ ስለለቀቀችዎት፣ እነሆ፣ ነገረችኝ እላለሁ።

አንዷ ምስክር እኔ ነበርኩ። ሁለተኛዋ በዚያው ሕንፃ የመኪናዋን ሰሌዳ ለማሳደስ ተሰልፋ ሁሉን ስታይ የነበረች፣ በፖም ማሸጊያው መጋዘን የምትሠራ፣ ከዚያ ቀን በፊት ዓይታን የማታውቅ ዶሎሬስ ኢባራ ናት። ኤይናር ልብሱን ሳይቀይር ብዕር አልነካም ሲል፣ እሷ መኪናችን ድረስ ተከትላን መጥታ፣ «ቤታችሁ የት ነው? ሰኞ ሥራ የለኝም፣ እመጣለሁ» አለች። እኔም ስልኳን ተቀበልኩ እንጂ ትመጣለች ብዬ አላመንኩም። እሑድ በረዶ ወርዶ ተራራው ተዘጋ። ሰኞ፣ የመጨረሻዋ ዕለት፣ ከቀትር በፊት ዶሎሬስ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ ኋላ እየተከተለች በራችን ላይ ቆመች። ለኤይናር ምልክት ማድረግ እንደሚበቃው ነገረችው። እሱ ግን፣ «ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ለመስቀለኛ ጭረት አይደለም» ብሎ ሙሉ ስሙን ጻፈላት። እሷም ሳትቀመጥ ተመልሳ ነዳች። ቅጹ ጠረጴዛዎ ላይ የደረሰው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ማኅተሙን ሲመቱ ፊትዎ ምን ይመስል እንደነበር ዶሎሬስ በዝርዝር ነግራኛለች፤ ለጨዋነት ስል እተወዋለሁ።

የኤይናር ድምፅ ተቆጠረ። የአምቡላንስ ጣቢያው ግን በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈ።

በእርስዎ መዝገብ «ፊርማው አይመሳሰልም» ተብለው ሳይቆጠሩ የቀሩ ፖስታዎች አርባ አንድ ነበሩ። ዝርዝሩን የማየት መብት ስላለኝ ጠይቄ ወሰድሁና ስልካቸውን ላገኘሁላቸው ሁሉ ደወልሁ። አንዷ አግብታ ስሟን የቀየረች አስተማሪ ናት። አንዱ ክንዱ በጀሶ ታስሮ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ፣ «እመቤት ሊንድክዊስት፣ እኔ ፊርማ የለኝም እኮ፣ ስሜን ነው የጻፍኩት» አለችኝ። ጣቢያው ይቀጥል ብለው ይሁን ይዘጋ ብለው አልጠየቅኋቸውም፤ አያገባኝም። ገጽ አሥራ አራትን የሰማ እንዳለ ግን ጠየቅሁ። አንድም አልነበረም።

ጥር ሁለት ቀን የጣቢያው በር በሰንሰለት ታሰረ። አሁን አምቡላንስ የሚመጣልን ከእርስዎ ከተማ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ከሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል። ወሬውን ለኤይናር ስነግረው «እኔማ ተርፌያለሁ። ለሚቀጥለው ሰው ብዬ ነበር እኮ» አለ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የማስቸግርዎት በሁለት ትንንሽ ነገሮች ብቻ ነው። ገጽ አሥራ አራትን ከመሳቢያ አውጥተው በሚልኩት ማስታወቂያ ላይ፣ ሰው በሚያነበው ፊደል ያትሙት። የመጸዳጃ ቤቱን በር ደግሞ ያስፉት። የመጀመሪያው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ለሁለተኛው አናጢ ካጡ ፋብሪካው የጣላቸው ሞልተዋል፣ እልክልዎታለሁ።

ቀለምና ቀለም በማመሳከር የደከሙ ዓይኖችዎ ዕረፍት እንዲያገኙ፣ የምሳ ሰዓትዎም ከዚህ በላይ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በመስኮትዎ ማዶ ቆማ በቀረች ዜጋ ልክ ያለኝን አክብሮት አቀርባለሁ።

ኦፓል ሊንድክዊስት
ሎወር ፓይን

ማስታወሻ፦ በዚያው ወረቀት በሁለተኛው ገጽ ላይ ለወንበርዎ እርስዎና አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ትወዳደሩ ነበር። ኤይናር ክቡን ያጠቆረው ለእርስዎ ነው። እንዳያደርገው ብለምነውም፣ «ተይው፣ ሰውየው ጠንቃቃ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ የመረጥሁት አስተማሪዋን ነው፤ ፖስታዬን የፈረምሁት የሚንቀጠቀጥ መኪና ኮፈን ላይ አስደግፌ ሲሆን፣ እርስዎ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ተቀብለው ቆጥረውልኛል። ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ እጅግ አመሰግናለሁ።