በስምህ የመለስኩት የበዓል ሰላምታ

ይድረስ ለጎይታይ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል። ይህን ለአንተ ብጽፍ እንደማታልፈኝ አውቃለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶህን አንስተህ ታሰምርበት ነበር። ስለዚህ የጤናውን ነገር ትቼዋለሁ። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሊሞላን ነው። የገና ጾም በገባ በስምንተኛው ቀን ሄድክ፤ አሁን ሌላው ገና አልፎ፣ ጥምቀትም አልፎ፣ መቐለ ጸጥ ብላለች። ጎይታይ የሚለኝ የለም ብለህ እዚያ እንዳታኮርፍ ብዬ ነው በእናቴ ቋንቋ፣ በትግርኛ የጠራሁህ። እሷ አባቴን የምትጠራበትን ስም ለአንተ ሳወርስህ «ጌታሽ ከሆንኩ ሻይ የማፈላው ለምንድን ነው?» እያልክ ታበሽቀኝ ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። ውኃው ብሶበታል። ከተማውን በሚያጠጡት የዓይናለም የውኃ ጉድጓዶች አፍ ላይ ተቀምጠን የእኛ ቧንቧ በሳምንት አንዴ ቢያስነጥስ ነው። አንተ ዛሬ ነገ ስትል የሞትክበትን የውኃ ሮቶ አስገብቻለሁ። ልጅህ ምሕረት ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ውጤቷ የመጣ ቀን ለማን ልንገር ብዬ በረንዳው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ጎረቤቶች ወድቃለች ብለው ሊያጽናኑኝ መጡ። መጻሕፍትህ ቡፌው ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፣ ብርጭቆዎቼም ካርቶን ውስጥ። ስትኖር ስንቴ ተጣልተንበታል! አሁን ቡፌው የእኔ ሆኖ አንዷን እንኳ ከቦታዋ ማንሳት አቃተኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው፤ ታውቀኛለህ። ጥፋት አጥፍቻለሁ። በአንተ ላይ፣ በምሕረት ላይ፣ በዓይኔ አይቻቸው በማላውቃቸው ሰዎችም ላይ።

ነገሩ የሚጀምረው ስለ መጻሕፍት ከምትጽፍበት ብሎግህ ነው። አንተ ጦማር ካልተባለ ትቆጣ ነበር፤ ዛሬ ግን የምጽፈው እኔ ነኝና ብሎግ እለዋለሁ። ሥራ የተከፋፈልንበትን መንገድ ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። አንተ የኪቦርድ ነገር አይሆንልህም፤ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በእጅህ ትጽፋለህ። እኔ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ከፍቼ እተይባለሁ። አንተ ወንበር ስበህ ከጎኔ ትቀመጥና «ነጠላ ሰረዝ፣ እዚያ ጋ ነጠላ ሰረዝ» እያልክ ታደርቀኛለህ። ከደብረ ብርሃን ተቀጥረህ የመጣህ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ሆኜ ፈተናህን በስቴንስል ስመታልህም እንዲሁ አናቴ ላይ ቆመህ ነበር። ያኔ ይህ ሰውዬ ምን ዓይነት ነዝናዛ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አገባሁህ፤ ነዝናዛነቱ ቤቴ ገባ።

መጽሐፎቹን አላነባቸውም ነበር። ስለ እነሱ የጻፍከውን ብቻ በጣቴ አውቃለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራህ የገና ሰሞን ነበር። በጾሙ በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ፣ በዋዜማው ደግሞ «ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ሻንጣችሁ ውስጥ የሚገባ» ብለህ አንድ። ሰዉ ስለ በግ ዋጋ ሲጨነቅ አንተ አንዲት ነርስ አንባቢህ አዲግራት ለሚኖሩ አያቷ የቱን መጽሐፍ ይዛ ትሂድ ብለህ ትጨነቃለህ። የፈተና እርማት እንዳይደራረብብህም ጾሙ ሳይገባ ሁሉንም ጽፈህ ታስረክበኝ ነበር።

በሄድክበት ዓመትም አስረክበኸኝ ነበር። አንዱን ብቻ አወጣን። ከዚያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቅክ። ልቡ ነው አሉን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም አታውቀውም፣ እኔም በደንብ አላስታውሰውም። ድንኳን ነበር፣ ሰው ነበር፣ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እሑድ መጣ። ከቅዳሴ ተመለስኩ። ቤቱ ውስጥ ዞርኩ ዞርኩና ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅማ! የፈተና ወረቀቶችህን አውጥቼ ሁለተኛውን ተየብኩ። ነጠላ ሰረዝ ሳደርግ እንኳ ቀና ብዬ ወደ ጎኔ አይ ነበር። በቀጣዩ እሑድ ሦስተኛውን አወጣሁ። እንዲህ እያልኩ የዋዜማው ላይ ደረስኩ።

በበዓሉ ቀን ሰዉ ሁሉ ሰላምታ ጻፈልህ። «እንኳን አደረሰዎት መምህር» የሚል አለ፣ «እንቋዕ ኣብጽሓካ» የሚል አለ። መጀመሪያ የጻፈው እንደ ወትሮው የደሴው ሰውዬ ነበር፤ ስሙን ደብቆ «ጡረተኛው» የሚለው፣ ማንም ሳይቀድመው አስተያየት የሚሰጥልህ። አየሁት። ሰውዬው ብቻውን የሚኖር መሆኑን ከአስተያየቱ አውቃለሁ። ጣቴ በራሱ ሄደና «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ በስምህ መለሰለት። አብሮ! ዋይ አነ!

በዓመት በዓል መርዶ አይነገርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሰው ቤቱን አሟሙቆ በተቀመጠበት ቀን ሞት ይዘህ አትገባም። ይለፍና በማለዳ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ደግሞ አንተን ራስህን እንዴት እንዳደረግንህ ረስቼው አይደለም። እናትህ በስቅለት ማግስት ሲያርፉ ዘመዶችህ ለእኔ ደውለው፣ ፋሲካ እስኪያልፍ አፌን ይዤ ዶሮ ሠራሁልህ። አንተ አጥንቱን እየጋጥክ ስታሥቀኝ እኔ ኩሽና እየገባሁ አለቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ። እኔን ለሳምንት አላናገርከኝም። ከዚያ በኋላ «እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔን አበላሽኝ» ያልከኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ደግሜ ያደረግሁት።

ገና ይለፍ አልኩ፣ ጥምቀት መጣ። ጥምቀት ይለፍ ስል ዐቢይ ጾም ገባ፣ በጾም ሰው ላስከፋ ወይ? ፋሲካ ይለፍ፣ አሸንዳ ይለፍ፣ ዘመን መለወጫ ይለፍ። ይህ አገር ደግሞ በዓል አያልቅበትም። በመካከሉ ሰዉ ዝም አሉ እንዳይል መሳቢያህን እየበረበርኩ ድሮ ጽፈህ የተውከውን አወጣ ነበር። እውነቱን ልንገርህ? ደስ ይለኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርጎልሃል፣ እድሩ ከመዝገብ ሰርዞሃል፣ ትምህርት ቤቱ ወንበርህ ላይ ሌላ መምህር አስቀምጧል። እዚያ ስክሪን ላይ ብቻ ሰው ስለ ጤናህ ይጠይቅሃል። ያቺን አንዲት ቦታ በገዛ እጄ ልዝጋ?

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ መሳቢያው ባዶ ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ዝም አልን። ጡረተኛው ጻፈ፦ «መምህር፣ ጾሙ ገብቶ ድምፅዎ ጠፋ፤ አሞዎት ይሆን? እኔ የርስዎን እየጠበቅሁ ሌላ መጽሐፍ አልጀመርኩም።» ሁለት ቀን አሰብኩ። ከዚያ «ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ መለስኩለት። ሥራ በዝቶብኝ! አንተ እኮ እዚያ ምንም ሥራ የለህም።

ይህን ያየችው ምሕረት ናት። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ የአባቷን ጽሑፍ ልታነብ ከፍታ፣ በስምህ ሥር የትናንት ቀን ያለበት መልስ አገኘች። ለገና ስትመጣ በር ላይ አልሳመችኝም። ቦርሳዋን እንደተሸከመች ቆማ ነገረችኝ፦ ለአፍታ ያህል በሕይወት አለህ ብላ አምና ከወንበሯ ተነሥታለች፤ ልትጮህ ስትል ነው ትዝ ያላት። «ማማ፣ አባዬን ሁለቴ ቀበርኩት» አለችኝ። ልይዛት ስል እጄን ገፋችው። በዓል ይለፍ ልል አፌን ከፈትኩ፣ እሷም ጠበቀችኝ፤ ማለት አቃተኝ። የገናን ምሳ እንዴት እንደበላነው አትጠይቀኝ።

በበዓሉ ማግስት ማለዳ፣ ወግ አይቅር ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከእሷ ጋር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። ቃል ስላጣሁ ቀብርህ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ አውጥቼ ልገለብጠው ነበር። ሳነበው ደነገጥኩ። የተወለድክበት አለ፣ የተማርክበት አለ፣ ያገለገልክበት ዘመን አለ፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባት መሆንህ አለ። ስለ መጻሕፍት አንድ ቃል የለም። ለእድሩ ጸሐፊ ነግሬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ! ዕድሜህን ሙሉ የተቃጠልክበትን ነገር እኔ፣ በእጄ ስተይበው የኖርኩት ሴትዮ፣ ረስቼው ቀበርኩህ። በድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ካለቀሰልህ ሰው ውስጥ አንድም ያነበበህ አልነበረም። ያነበቡህ ደግሞ ለቅሶ እንዳለ አልሰሙም።

ወረቀቱን ትቼ በራሴ አማርኛ ጻፍኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ሙሉ ስምህ ማን እንደነበር፣ መቼ እንዳረፍክ፣ በስምህ የመለስኩት ሁሉ የእኔ እንደነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። ከዚያ ጠቅ አድርጌ ለቀቅሁት። ልክ በዚያች ደቂቃ፣ በቀብርህ ቀን ያልወጣኝ ለቅሶ ወጣኝ። ጎረቤቶች በበዓል ማግስት ምን መጣባት ብለው ሮጠው ገቡ፤ ምሕረት ነች ያስረዳቻቸው። እነሱም ነገሩ ባይገባቸውም ቁጭ ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ጻፈ። ያቺ ነርስ የአዲግራት አያቷ አንተ የመረጥክላቸውን መጽሐፍ ትራሳቸው ሥር አድርገው እንደሞቱ ጻፈች። ይህን ባለማወቅህ አዘንኩ። የተቆጡብኝም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ጡረተኛው ግን ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። ሽማግሌ ሰው ብቻውን ሆኖ ሰምቶ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን እያልኩ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ጥምቀት አለፈ።

ከጥምቀት በኋላ ጻፈልኝ። ቃሉን ሳልቀንስ ነው የምነግርህ። «እኅቴ፣ ተቀይሜዎታለሁ» ይላል። «ለሞተ ሰው ዓመት ሙሉ እንኳን አደረሰዎት አስባሉኝ። ማልቀስ ሲገባኝ በግ አርጄ በላሁ።» ልክ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል። መርዶውን ያነበበ ዕለት ጋቢውን አዘቅዝቆ ቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ምንህ ነው የሞተብህ ሲሉት ግራ ገባው፤ በመጨረሻ «ወንድሜ ነው» አለ። ለእናቱ አንድ መሆኑን የሚያውቁት ሰዎች ተያዩ፤ ቢሆንም ለቅሶውን አብረውት ተቀመጡ። በነጋታው ስምህን በጸሎት እንዲያነሱለት ካህኑ ዘንድ ሄደ። የክርስትና ስሙ ማን ነው ቢሉት አያውቅም። የወንድሙን የክርስትና ስም የማያውቅ ምን ዓይነት ሰው ነው እንዳይሉት አፍሮ ተመለሰ። ጥምቀት እስኪያልፍ እኔን መጠየቅ ቅያሜው ከለከለው። «አሁን ግን ያለ ስም ቀረብኝ፤ እባክዎ ይላኩልኝ» ብሎ ጨረሰ።

ያን ስም ከእኔና ከንስሐ አባታችን በቀር ማንም አይጠራውም ነበር። ለምሕረት እንኳ አልነገርኳትም ነበርና ጠርቼ ነገርኳት። ከዚያ «ወልደ ገብርኤል» ብዬ ተየብኩ። ይቅርታም፣ ሰላምታም አልጨመርኩበትም።

ትናንት እሑድ መልሱ መጣ፤ አንዲት መስመር ናት። «ዛሬ በቅዳሴ ተጠራ፤ ሰማሁት» ትላለች።

ጎይታይ፣ እንግዲህ በስምህ ለማንም አልመልስም። ብሎጉ እንዳለ ይቀመጣል፤ የጻፍከውን ማንም አይነካውም። አንተ ደሴን በአውቶቡስ መስኮት አየሃት እንጂ ወርደህ አታውቃትም። ቢሆንም እዚያ አንድ ሽማግሌ አለህ፣ እዚህ እኔ አለሁህ፣ ምሕረትም ስሙን ይዛለች። እኔ መጥቼ አጠገብህ እስክተኛ ድረስ ወልደ ገብርኤል ሳይባል የሚያልፍ ቅዳሴ አይኖርም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁለታችንንም የምታስጠራው ምሕረት ናት።

ባለቤትህ