የስንዴው ሙጫ

ኅዳር ፲፪ ቀን፣ በተወለድሁ በሰባ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር

ለተወደድሽው ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት ያከበደው ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ቍጣዬም ደኅና ነው።

ትናንት ታላቅ ወንድምሽ ምግብ ቤት ወስዶ ምሳ ጋበዘን። የልጅሽ ሆድ ስንዴ አይችልምና አስተናጋጁን ጠርቼ፣ በባዕድ ቃል ላለመናገር ስል፣ «የስንዴ ሙጫ የሌለበት ምን አላችሁ?» አልሁት።

«አባባ፣ እኛ ምግብ ውስጥ ሙጫ አንጨምርም» ብሎኝ እርፍ።

ወንድምሽ በሳቅ ፈረሰ። «ግሉተን በለው እንጂ አባዬ፤ አናጺ መስለኸው እኮ ነው።»

አስተናጋጁም «እሱማ ሾርባችን ውስጥ የለም» አለና የዶሮ ሾርባ አመጣ። ልጅሽ በማንኪያ አማስላ፣ «ምንድን ነው ያወፈረው?» ስትል ጠየቀችው።

«ትንሽ ዱቄት ናት፤ አትጎዳም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስመዝን ኖሬ እንደዚህች «ትንሽ» ያለ ድፍረት አልሰማሁም። ሥራ አስኪያጁ ይጠራልኝ ብዬ ስነሣ ልጅሽ እጄን ይዛ፣ «ተወው አያቴ፣ አልራበኝም» አለችኝ።

ይህችን ቃል ቤትም ታዘወትራታለች፤ የሚስማማትን በገዛ እጄ ስሠራላት እንኳ። የአምናው የትምህርት ቤት ልብሷ ዘንድሮ ሰፍቷት፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ አጠበበው። ጨርቁ ላልቶ ይሆናል፤ የዛሬ ጨርቅ እንደ ዛሬ አስተናጋጅ ነው።

የሥራ ውልሽ መቼ እንደሚያበቃ ጻፊልኝ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ጤናውን ያብዛልሽ።

ወንድምሽ «ደብዳቤው ለነገ ይደር» ቢለኝም፣ ፖስታውን አሽጌ ዛሬውኑ እልከዋለሁ።

አባትሽ