አባባ በመንጠቆ የወረዱ ዕለት

ይድረስ በዓለም ጀርባ ለምትኖረው ለወንድሜ ለዋውተር። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሞይራ ደህና ናት? ልጆቹስ? በጎቹስ ወለዱ? እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እናንተ ዘንድ ጸደይ ነውና እንኳን አደረሳችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባባ ግን ደህና አይደሉም፣ አልዋሽህም። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ ገናን ማየታቸውን እንጃ ብሎኛል። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም አትበለኝ። በስልክ ሲሆን አለቅሳለሁ፣ በጽሑፍ ሲሆን እሳደባለሁ፤ መሳደቡ ይሻለኛል።

የአምስተርዳሙን የቦይ ዳር ቤታችንን አሁን ብታየው አታውቀውም። ልብስ ሰፊው ሞተ፣ አስተማሪዋ ሄደች፣ ከድሮ ሰው የቀረነው አራተኛው ፎቅ ላይ ያለን እኔና አባባ ብቻ ነን። ሌላው ሁሉ ተሸጦ ጌቶች ገቡበት። ጌቶች ልበላቸው እንጂ ምናቸው ጌታ ነው! እማማ ማታ መጋረጃ የማትዘጋው የምትደብቀው ነገር ስላልነበራት ነው። እነዚህ የማይዘጉት ግን መንገደኛው ቻንደሊየራቸውን እንዲያይላቸው ነው። መጽሐፋቸውን በቀለም ደርድረውታል፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ቀዩ ከቀይ ጋር፤ አንድም ቀን አንዱን ሲያወርዱ አላየሁም። ከእኛ በታች ያለችው ወይዘሮ ደ ዋል አንድ ጊዜ ቡና ጠርታኝ አንድ ብስኩት ሰጥታ የብስኩቱን ቆርቆሮ ጠረቀመችው። እሱስ የሁላችንም የሆላንዶች አመል ነው፣ በእሱ አልፈርድባትም። የምፈርድባት በሌላው ነው።

አባባ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም። ደረጃውን ታውቀዋለህ፣ መሰላል በለው፤ በጉልበታቸው የሚሞከር አይደለም። ሽማግሌዎችን በደረጃው ላይ በኤሌክትሪክ የሚያወጣና የሚያወርድ ወንበር እናስገባ ብዬ ለነዋሪዎች ማኅበር ጻፍኩ። ሊቀ መንበሯ ማን ትሆን? ይህችው ወይዘሮ ደ ዋል ናት። "ደረጃው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው፣ አንዲት ሚስማር አይመታበትም" ብላ መለሰችልኝ። ለእምነበረድ መታጠቢያ ገንዳዋ ግን የሦስት መቶ ዓመቱን ግድግዳ አፍርሳለች! ወይ ዓይን አውጣነት! ደረጃው ላይ አግኝቼ ብጠይቃት ደግሞ አፍንጫዋን ነፍታ "አባትሽን ለምን ምድር ቤት አትፈልጊላቸውም?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። እሷ እዚህ ቤት ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አባባ ሃምሳ ስድስት! የምርኩዛቸው ድምፅ ረበሸኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋልናለች፤ ወጥታ ግን አንድ ቀን አይታቸው አታውቅም።

አባባ ለሰማንያ አምስተኛ ልደታቸው ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ ድልድዩ አጠገብ ቆመው ሽንኩርት የተነሰነሰበት ሄሪንግ ዓሣ በጭራው ይዘው መብላት ነው አሉኝ። ገዝቼ ላምጣልዎት ብላቸው ተቆጡ። "ዓሣውን አይደለም እኮ ያልኩሽ፣ ድልድዩን ነው" አሉኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ካርታ ለመጫወት የሚመጣውን ሪነስን ታስታውሰዋለህ፣ አባባ ጋር የሰው የቤት ዕቃ በገመድ በመስኮት ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረውን። የማኅበሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አገኘው። የጥንት ቤቶች በሚጎበኙበት ቅዳሜ ነዋሪው ሁሉ የድሮውን ኑሮ የሚያሳይ ነገር እንዲያቀርብ ትለምናለች፣ እመቤት ሊቀ መንበሯ። ቅዳሜው ደግሞ ልደታቸው ነው። ሪነስ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ "አለቃ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?" አለ። አባባ ወዲያው ገባቸው። "ከፒያኖ እቀላለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ሪነስና ሁለት የድሮ ባልደረቦቹ ጣሪያው ጫፍ ላይ ባለው የዕቃ መስቀያ መንጠቆ መዘውር ሰቀሉ፣ መስኮቱን ከነመቃኑ ነቀሉ፣ አባባን በእማማ አረንጓዴ ወንበር ላይ በሰፊ ቀበቶ አሰሯቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ የሥራ ኮፍያቸውን ደፍተዋል። ከላይ የሪነስ ሚስት ገፋችልን። ከታች ገመዱን የሚይዝ አራተኛ ሰው ጠፋና እኔው ያዝኩ። ወንድሜ፣ ወንበሩ አየር ላይ ሲወጣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እሳቸው ግን ከላይ ሆነው ያዙናል፣ "ቀስ! ቀስ አልኩ! ቲነከ፣ ገመዱን አትቀፊው፣ ያዢው!" ይላሉ። የሃያ ዓመት ወጣት ሆኑ።

ይሄኔ ጭብጨባ ሰማሁ። ወይዘሮ ደ ዋል የወይን ብርጭቋቸውን የያዙ እንግዶቿን አሰልፋ "ይህ ማኅበራችን ያዘጋጀው ትርኢት ነው" ትላቸዋለች። አባባ መሬት ሲነኩ ጠጋ ብላ "እንዴት ያሉ ግሩም ተዋናይ ናቸው! ከየት አገኛችኋቸው?" አለችኝ። አባባ ግን ኮፍያቸውን አነሱና "ከራስዎ በላይ ካለው ቤት ነው የመጣሁት እመቤት። ባለምርኩዙ እኔ ነኝ" አሏት። ሳቀች! የትርኢቱ ክፍል መስሏት ከትከት ብላ ሳቀች! ከዚያም ሌሎች እንግዶች ስላሉኝ አስር ሰዓት ላይ ይደገምልኝ አለች። አባባም "አስር ሰዓት ላይ መውጣት ነው እንጂ መውረድ የለም" አሏት።

ድልድዩ ላይ ሁለት ዓሣ በሉ። ሽንኩርቱ ክራቫታቸው ላይ ተንጠባጠበ፣ እንዳትጠርጊው አሉኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ውኃውን ሲያዩ ዋሉ፤ እንባቸውንም አልደበቁኝም። አስር ሰዓት ላይ በጭብጨባ ወጡ።

ማክሰኞ ከማኅበሩ አበባና ደብዳቤ መጣ። ትርኢቱ ተወዷልና በሚቀጥለው ዓመትም አደራ ይላል። ሁለት ዓመት ስለ ወንበር ስጽፍ ከአንዲት እምቢታ በቀር መልስ ያልሰጠ ማኅበር፣ ለዚህ በሦስት ቀን ጻፈ! አፈር ይብሉ። አባባ እስኪያስላቸው ሳቁና "እሺ በያት። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እወርዳለሁ፤ ያኔ ወንበር አያስፈልገኝም" አሉኝ። ደረጃው የሬሳ ሳጥን እንደማያሳልፍ እሳቸው ያውቃሉ፣ ስንቱን ጎረቤት በዚሁ መንጠቆ አውርደዋል። ገመዱን ማን ይይዛል አልኳቸው። የሪነስ ትከሻ ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነሳም፣ የእኔም መዳፍ እንደተላጠ ነው። "አራተኛው ዋውተር ነው፤ ያስተማርኩት እሱን ነው" አሉ።

እንግዲህ ና። ሳጥን ለመያዝ ብቻ አትምጣ፣ ቶሎ ና። መጀመሪያ በወንበሩ እናውርዳቸው፣ ዓሣቸውን ይብሉ፣ ገመድ አያያዝህ ተበላሽቷል ብለው ይቆጡህ። እነዚያም ያጨብጭቡ፣ ምን ቸገረን።

ሞይራን ሳምልኝ፣ ስለላከችው ሹራብ አመስግናት። ልጅህን ፍሬያን የአያትሽ ቁጣ ላንቺ አይደርስም በላት። ለትንሹ ሉካስ የአባባን ኮፍያ አስቀምጬለታለሁ። ሪነስ በሚነሳው እጁ ሰላም ብሎሃል። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ መጥቶ ይውሰድ ብለዋል። የድሮ የቆዳ ጓንትህን አግኝቼ ቅባት ቀብቼዋለሁ፣ መስኮቱ ላይ ነው ያለው።

እህትህ ቲነከ

አምስተርዳም፣ ቦዩ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ
ሴፕቴምበር 24 ቀን 2017