በእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ መቀመጫ

ከቹስት፣ ቅዳሜ

ለተከበርሽው እትዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ልብሽን አጽንተሽ ቁጭ በዪ፤ ከባድ መርዶ ይዤልሽ መጥቻለሁ። የላክሽው ደብዳቤ አርፏል። ቀብሩም ትናንት ጁምዓ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት መስጊድ፣ በአባባ ራስ ላይ ተፈጽሟል። ለቅሶ መድረስ አያስፈልግም።

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ? አማትሽስ፣ ስልክሽን አሁንም እንደ መሐረብ ጉያዋ ውስጥ ወሽቃ ትዞራለች? ይሄን ወረቀት ዛሬ አንቺ ወዳለሽበት ተርሚዝ የሚነሳው ሾፌሩ ኩድራት በእጅሽ እንጂ ለሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ደክሞኛል። መቀለድም ይደክማል ለካ።

እማና እኔ እስከ ሰሞኑ ድረስ በየስፌቱ ወረቀት እየከተትን ቆብ የምንሰፋው በሩ ሥር ባለችው መተላለፊያ ነበር፤ ታውቂያታለሽ። ሰው ሲገባ እግር እናጥፋለን፣ ሲወጣ እናጥፋለን። የእማ አንገት ወደ ቀኝ ዞሮ ቀርቷል። የኔም ወገብ የሰባ ዓመት ሴት ወገብ ሆኗል፤ ባል ሳላይ አረጀሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ። «ብመለስ የምቀመጥበት ቦታ አለ ወይ?» ነበር ያልሽው። አባባ ከሰርግሽ ጀምሮ «ያገባች ልጅ ለወላጆቿ ቤት እንግዳ ናት» ሲሉ ስለኖሩ፣ ጮክ ብዬ ላነብላቸው ፈራሁ። በአሮጌ ደብተሬ መሃል ደበቅሁት። መጀመሪያ ቦታውን ላብጅ፣ ከዚያ አነብላቸዋለሁ አልኩ።

ቦታውማ የእንግዳ ክፍሉ ነበር። ሁለት ትልልቅ መስኮት፣ የቤቱ ምርጥ ምንጣፍ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ፍራሽ። ሁሉ አለ፣ እንግዳ ብቻ ነው የሌለው።

«አባባ፣ እዚያ ገብተን እንስፋ» አልኳቸው።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«መርፌ እናስይዘዋለን።»

«ወረቀቱን መክተት የነበረብን ቆቡ ውስጥ ሳይሆን አፍሽ ውስጥ ነበር» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። እምቢ አላሉም፤ ገባሁ።

ምንጣፉን ጠቀለልኩ። እማ እንዳትጎብጥ አጭሩን ጠረጴዛ ጡብ ላይ አቆምኩት። የገዛ እጇ ጥላ ስፌቷ ላይ እየወደቀ ነበር ዓይኗን ሲያደክማት የኖረው፤ ብርሃኑ በግራዋ እንዲገባ መቀመጫዋን አዞርኩላት። ከጀርባዋ ሁለት ፍራሽ አጥፌ አስደገፍኳት። በመጀመሪያው ቀን በጣም ተመቻትና በጠራራ ፀሐይ፣ መርፌ በእጇ እንደያዘች አንኮራፋች። አንዱን ፍራሽ ቀነስኩ።

ጥፋቴ የመጣው ከወረቀቱ ነው። ተጠምዝዞ በየስፌቱ መስመር የሚገባ ወረቀት ከሌለ ቆብ እንደታጠበ ካልሲ ይተኛል፤ ወረቀቱንም የምናወጣው ከትምህርት ቤት ደብተሮቼ ነው። ትምህርቴ ለቁም ነገር የዋለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሁሉንም ሰብስቤ በእማ ቀኝ በኩል ሣጥን ውስጥ ደረደርኩላት። ሥርዓት አዋቂ መሆኔ ነው። ደብዳቤሽን የደበቅሁበትንም ደብተር አብሬ ጨመርኩት።

እማ ፊደል አትለይም፤ ወረቀት ግን በጣቷ ትለያለች። «ይሄስ ለስላሳ ነው፣ አንቺ ልጅ፣ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። ቀና ስል የደብዳቤሽ የመጀመሪያው ገጽ ተቀዶ፣ ተጠምዝዞ፣ ገብቶ፣ ቆቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አፌን ሳልከፍት አባባ ገቡ። «የኔው ተኝቷል፤ ለጁምዓ ይሄን ላድርግ» ብለው ደፉት፤ ሄዱ።

ለእማ ነገርኳት። የተረፈውን ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩላት። መርፌዋን አስቀመጠች።

«የመጀመሪያውስ ምን ይል ነበር?» አለች።

«ሰላምታ ነው፤ የተርሚዝ ሐብሐብ ይጣፍጣል ትላለች» አልኳት። ስለ ተጎዳው ግራ እጅሽ የጻፍሽውን ዋጥኩት። ውሸት እንደምወድ ታውቂያለሽ፣ እትዬ፤ ይሄኛውን ግን ጠላሁት።

አባባ ሲመለሱ እማ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ልጅዎ ‹ቦታ አለ ወይ› ብላ ጽፋለች» አለቻቸው።

«የታል የጻፈችው?»

«ግማሹ እኔ ጋ፣ ግማሹ እርስዎ ራስ ላይ» አልኩ እኔ።

ማንም አልሳቀም። ቆቡን አውልቀው ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ይዘውት ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ እራት ሲቀርብም አልወጡም።

ዛሬ ጠዋት ቆቡን መስኮት ላይ አገኘሁት። ስፌቱ ተፈትቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አባባ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ መጋዝ ይዘው ሦስተኛ መቀመጫ ይሠራሉ። በግራ በኩል ብቻ ለክንድ መደገፊያ መትተውለታል፤ ሱፍ እየጠቀጠቁ ያለብሱታል።

«የቀኙን ረሱት፣ አባባ» አልኳቸው።

«አልረሳሁም» አሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ የእንጨት ብናኝ ይሆናል። ቆይተው «ኩድራት ከተርሚዝ መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉኝ።

«ማክሰኞ።»

«የፊተኛውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ። ዕቃዋንም እሱ ይሸከም በይው።»

ነግሬዋለሁ። እማ አንዴ ያን ክፍል ትጠርጋለች፣ አንዴ የጠረገችውን ትጠርጋለች። አላህ መንገዱን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ እጅ ይሰውርሽ፤ በሰላም ያገናኘን።

መርዶ ብዬ ስላስደነገጥኩሽ አትቀየሚኝ። ሲያስቡት እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም፤ የጠፋው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ እሱም ሰላምታ ብቻ ነበር።

አስቸጋሪዋ ታናሽሽ