ላሞቹን አይሽጧቸው

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ የባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናቴ፤

የጌታ ሰላም ከደጅዎ እስከ ጓዳዎ ይብዛልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ከክረምቱ ብርድ ወዲህ ተሻለው? ገብሱስ እንዴት ይዟል? እኛ ክብር ለእርሱ ይሁንና ደህና ነን። ይፍሩ እንደ ልማዱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ዝምታውም እንደ ልማዱ ነው። ኑሃሚን ድናለች። ደግሜ ልጻፈው፦ ድናለች፣ ጉንጯም ተመልሶ ሞልቷል። ስድስት ዓመት ሞላኝ ብላ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ሠፈሩን ሁሉ ፊደል ካላስቆጠርኩ እያለች ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ወንጌላዊ ማርቆስ ነው። ባለፈው በቃል የላክሁትን መልእክት ወደ ጋሞኛ ሲመልሰው ትንሽ ያለዝበዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ታማኝ ሰው ነውና አንድም ሳያጎድል አድርሶልዎታል። ይህንንም እንደዚያው ሳያጎድል እንዲያነብልዎ ለምኜዋለሁ።

ማርቆስ ትናንት ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወርዶ ሳለ ቤታችን ጎራ አለ። ሻዩን እየጠጣ፣ ሦስቱንም ላሞች ከነጥጃዋ ለፊታችን የገረሴ ገበያ ሊሸጡ ነው አለን። ለምን ብሎ ቢጠይቅዎ፣ “የልጅ ልጄ ላም ያለበት ቤት አትገባም ተብሏል፤ እንግዲህ ቤቱን ባዶ አደርግላታለሁ” አሉት አሉ። ይፍሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ መግቢያው ጠፋኝ። እናቴ፣ እባክዎ አይሽጧቸው። እንዲህ ተጣድፌ የምጽፈው ደብዳቤው ከገበያው ቀን በፊት እንዲደርስልኝ ነው።

ለልጅ ልጅ ጥጃ መስጠት በአገርዎ ምን ያህል ክብር እንደሆነ ይፍሩ ነግሮኛል፤ ለኑሃሚንም ሰጥተዋታል። እናቲቱ ላም አላስጠባም ብላ ስትራገጥ፣ ጣት ወተት ውስጥ እየነከሩ ጥጃ ማስለመድን ኑሃሚንን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። እሷም ሎሚ ብላ ስም አወጣችላት፤ ከአጠገቧ ካልተኛሁ ብላም አስቸገረችዎ። ለእርስዎ ይህ ሁሉ ልጅ ማሳደግ ነው። እኔ ግን የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ላምን የማውቃት በዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ተስላ ነው።

ኑሃሚን በክረምቱ እርስዎ ዘንድ በሰነበተችበት ሳምንት ሎሚን ያስቀምጣት ነበር። ልጅቷ ጥጃዋ በጠባችው ጣት ቆጮዋን እየቆረሰች በላች፤ ማንም ልብ አላለም። ወደ እኔ ስትመለስ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ነበር፤ ተቅማጧም ደም ነበረበት። ሆስፒታል አልጋ ይዘን፣ በክንዷ በተሰካው ግሉኮስ ላይ ዓይኔን ተክዬ ሳለሁ ነው ማርቆስ ሊጠይቃት የመጣው። ያን ጊዜ “ልጄ ላም ያለበት ቤት ሁለተኛ እግሯን አታስገባም፤ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ” አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የምፈራው ለአንድ ልጅ ብቻ አልነበረም።

ዶክተሩ እንዲያግዘኝ ፈልጌ፣ ልጅና ከብት መለያየት አለባቸው አይደል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም፣ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ብዙ ነው፣ ይህም ከጥጃዋ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ግን፣ “አንቺ ላሟን ከሰስሽ፤ ሳሙናውን ግን የት ነበርክ አላልሽውም” አለኝ። እሱም በከብት መካከል ነው ያደገው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው ብዬ ተሸማቅቄ ወጣሁ። ግን ኩራቴ አልለቀቀኝምና መልእክቴን ሳላነሣ ሁለት ወር አለፈ።

መከልከሉስ ምን ጠቀመኝ? በዚህ ሰሞን ኑሃሚን ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ልፈልጋት ወጣሁ። ሲቀላ ገበያ ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ ካርቶንና የሙዝ ልጣጭ ስትለቅም የምትውለውን የከተማ ፍየል ጣቷን ታስጠባታለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ንጹሕ ሣር የምትግጠውን የእርስዎን ጥጃ ብከለክላት፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የምትውል ዘመድ አበጀች። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ቤት ስወስዳት አላለቀሰችም። “እማዬ፣ እኔ ከሌለሁ ሎሚ የማንን ጣት ትጠባለች?” ብቻ አለችኝ። ጥጃዋ ተሸጠች ብዬ የምነግርበት አፍማ ከየት ላመጣ ነው?

ትናንት ማርቆስ ከሄደ በኋላ ይፍሩ ተመልሶ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ተናገረ ብልዎት ያምኑኛል? ልጅ ሳለ በየማለዳው እበቱን በእንሰት ቅጠል ተሸክሞ ወደ ጓሮ ይወስድ እንደነበር፣ ላም የሌለው ቤት እንሰቱ እንደሚቀጭጭ፣ እንሰቱ የቀጨጨበት ቤት ደግሞ ምን እንደሚውጠው ነገረኝ። “እናቴ ላሞቿን ሸጠች ማለት ጓሮዋን ሸጠች ማለት ነው” አለ። እኔ ከብት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእኛ ሲሉ የዕድሜ ልክ ልፋትዎን ነው ለገበያ ያቀረቡት። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ማልቀሴንም አልደብቅዎም።

እንግዲህ እንታረቅና እንዲህ እናድርግ። ኑሃሚን ለገና ትመጣለች፤ ይፍሩ ራሱ ያመጣታል። ሎሚንም ታያለች፣ ትዳብሳለች፣ ጣቷንም ብትሰጣት አልከለክልም፤ ጥጃዋ ጤነኛ ከሆነች ማለቴ ነው። ያስቀመጣት ወይም ያሳላት ቀን ግን አዋቂ ይያዛት፣ ልጅቷ አትቅረብ። ከከብቱ ስትመለስ አንድም ነገር አፏ ሳይገባ እጇን በሳሙና ያስታጥቡልኝ። ሳሙናውን ከማርቆስ ጋር ልኬያለሁ፤ ለእንግዳ ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳይቆልፉት አደራ። ወተቱን ከጡት እንደወጣ ትኩሱን መስጠት ለእርስዎ ትልቅ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስኪፈላ ይታገሱልኝ። መኝታዋም ከከብቶቹ ወገን ሳይሆን ከእርስዎ ጎን ይሁን። እበቱንም እርስዎ ይውሰዱት፣ እሷ ከኋላ እየተከተለች ታውራልዎት፤ ለወሬው አትታማም። እኔም በበኩሌ በየቀኑ ምን ሆነች እያልኩ መልእክተኛ አላሯሩጥም።

ሌላም የምለምንዎ አለኝ። ከጓሮው እንሰት የደረሰውንና ወፍራሙን ያስፍቁና ነጭ ቡላ ያኑሩልኝ። መጋቢት ሲገባ ራስዎ ይዘውት ይውረዱ፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብለው እንዳያስቡ፣ ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ብለው ይምጡ። ገንፎው እንደዚያን ጊዜው ይሁንልኝ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ እንዳለሁ በእጅዎ እንዳጎረሱኝ፣ ቅቤው እስከ ክርንዎ እንደወረደው። ማርቆስ እዚህ ላይ ሲደርስ ምን ማለቷ ነው ብሎ ቢያይዎት፣ ገንፎ ትወዳለች ይበሉት። ይፍሩ ያውቃል፤ ዝምታው አንድ ቀን እንኳ ጠቀመን።

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ በረትዎንና ጓሮዎን ይባርክ። ያዘነብኝን ልብዎን ያለስልስልኝ። እጅዎን ስሜያለሁ፤ ኑሃሚንም ሁለቱንም ጉንጭዎን ስማለች፣ የሎሚን ግንባር ደግሞ እርስዎ ይሳሙልኝ ብላለች። ግንባሯን ብቻ።

ምራትዎ፣ ልጅዎ፤
በመጋቢት ደጅ ደጁን የምታይ