ምኑ ነሽ?

ጥቅምት 4
ሃያ ስድስት ሸሚዝ ተኮስኩ። ክንዴ ዝሏል። ቤት ስገባ የኔው ሰዓት ጠጋኝ ያንኑ ነገር ጀመረኝ... «እንፈራረም እንጂ! ሰባት ዓመት አብረን ኖረን፣ ለእማዬ እንኳ ምን ብዬ ልንገራት?»
«ፈርመህ ምን ልትጨምርልኝ ነው? ማንኮራፋት?»
ሳቀ። ወረቀት ምን ያደርግልናል? እየኖርን አይደል?

ጥቅምት 9
ሱቁ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ አሉኝ። እንዴት ሆስፒታል እንደደረስኩ አላውቅም። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ አንደበቱ ተይዟል። ነርሷ ፎርም ይዛ «ምኑ ነሽ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ... ሚስቱ ነኝ ብል ወረቀት አምጪ ብትለኝስ? «እህቱ» አልኩ።
ምን ነካኝ?

ጥቅምት 11
ገላውን አጠብኩት። ሾርባ በማንኪያ አጠጣሁት። ነርሷ «እህት ማለት እንዲህ ናት! ታድሎ» ትላለች። እሱ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሰምቶ ይሆን? አፈርኩ።

ጥቅምት 14
ጉዴ ፈላ። እናቱና እውነተኛዋ እህቱ መጡ። ነርሷ ደስ ብሏት «ልጅዎ አጠገቡ ናት» ብላ አስገባቻቸው።
«የቷ ልጄ? እኔ ሴት የወለድኩት ይቺን አንዷን ነው!»
«እማማ... ሚስቱ ነኝ።»
ነርሷ ፎርሙን አየች፣ እኔን አየች። «ያኔ እህቱ፣ ዛሬ ሚስቱ። ነገስ ምን ልትሆኚ ነው?»
እሱ ግራ እጁን ወደኔ ዘረጋ። ከኔ በቀር ያየው የለም። ነርሷ የጠራችው ዘበኛ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

ጥቅምት 17
ወሰዱት። እናቱ ቤት፣ የአንድ ቀን መንገድ። የሆስፒታሉ አጥር ጥግ ቆሜ መኪናው ሲያልፍ አየሁ። ወይኔ... ለማን አቤት ይባላል? ምኑ ነኝ ብዬ?

ጥቅምት 18
የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ።

ጥቅምት 20
አልጋው ሰፋኝ። ራት አልበላሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም። በገዛ አፌ!

ጥቅምት 23
ከእሱ ስልክ ተደወለልኝ። ዘልዬ አነሳሁት... እህቱ ናት። ታለቅሳለች።
«ከማናችንም እጅ አይበላም። ፊቱን ያዞራል፣ መንምኖ አለቀ። አንቺ እንዴት ነበር የምታበይው?»
«በግራ በኩል፣ ትንሽ ትንሽ። እያወራሽው።»
«ምን እያልኩ?»
ምን ልበላት? የሰባት ዓመት ወሬ በስልክ ይነገራል?
«ልምጣ?» አልኳት።
«እማዬ በሩን አትከፍትልሽም።» ዘጋችው።
ትኬት ቆረጥኩ። ነገ ጠዋት ነው። ብፈራም እሄዳለሁ። ቢያባርሩኝስ? ያባርሩኝ። የሚያባርሩት ሚስቱን ነው።